የሲ-ባርክ የውሻ ጠባይ መጠይቅ ግምገማ፦ «ሴቷ ትሻላለች ወይስ ወንዱ?» ለሚለው ክርክር ምን ያህል ይረዳል?

«ሴት ውሻ ከአንድ ሰው ጋር ትጣበቃለች፤ ወንዱ ግን ላገኘው ሁሉ ጭራውን ይቆላል።» ይህን ያልሰማ ውሻ አሳዳጊ የለም። ተቃራኒውን በሙሉ ልብ የሚናገርም አይጠፋም፤ ወንዱ የዋህና አፍቃሪ ነው፣ ሴቷ ግን ኩሩና በራሷ መንገድ የምትሄድ ናት ይላል። ሁለቱም ወገኖች ምስክር አድርገው የሚጠሩት እቤታቸው ያለውን አንድ ውሻ ነው። ሲ-ባርክ የተባለው መጠይቅ የውሻን ጠባይ በቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ ይህን ክርክር ይቋጭልናል ብለው የሚሞሉት ብዙ ናቸው።

ፍርዱን ከወዲሁ እናስቀምጠው። መጠይቁ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በተለይ አንድን ውሻ ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ ከራሱ ጋር ለማወዳደር። «የቁርኝት ነጥቧ ስለበለጠ ሴቷ ይበልጥ ትወደኛለች» ለማለት ግን አያገለግልም። ነጥቡ የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚለካ ሳያውቁ የሞሉት ሰዎች ደግሞ ከመሙላታቸው በፊት ከነበሩበት የባሰ የተሳሳተ ድምዳሜ ይዘው ይወጣሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጠይቁን ያዘጋጁት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጀምስ ሰርፔልና ዩዪንግ ሹ ናቸው፤ አስተማማኝነቱን የፈተሹበት ጥናት በ2003 ታትሟል። 100 ጥያቄዎች አሉት፤ ውሻውን በደንብ ለሚያውቅ ሰው ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጥያቄዎቹ ታዛዥነትን፣ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ከመለየት የሚመጣ ጭንቀትን፣ ቶሎ መነሣሣትን፣ ቁርኝትና ትኩረት ፈላጊነትን፣ በመጨረሻም ልዩ ልዩ ልማዶችን ይዳስሳሉ። 42 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት አጭር ቅጂም አለ። ለጾታው ጥያቄ ግን ረጅሙ ይሻላል፤ ምክንያቱን ወንዱ ውሻ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

መልሱ ከ0 እስከ 4 ነው። በቁጣ፣ በፍርሃትና በመነሣሣት ክፍሎች ቁጥሩ የሚለካው ክብደትን ነው፤ 0 ማለት ምንም ምልክት የለም፣ 4 ማለት የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ነው። በቀሩት ክፍሎች የሚለካው ድግግሞሽ ነው፦ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከድግግሞሽ ወደ ክብደት መለኪያው መዞሩን ሳያስተውል በአንድ ዓይን ይሞላዋል። በታዛዥነቱ ክፍል ደግሞ ከ8ቱ ጥያቄዎች 3ቱ የተገለበጡ ናቸው፤ «አዲስ ነገር ለመማር ይዘገያል»፣ «ለእርማት ቶሎ አይመለስም»፣ «በቀላሉ ሐሳቡ ይበተናል» የሚሉት። እነዚህ ላይ ከፍተኛ ቁጥር መጥፎ ነው። ነጥቡን በራሳቸው የሚደምሩ ሰዎች ቁጥሩን ከ4 ላይ ቀንሰው መግለበጥ አለባቸው፤ አለዚያ ደንቆሮው ውሻ ብልህ ሆኖ ይወጣል።

የመጠይቁ ትልቁ ጥንካሬ ስለ ስሜት አለመጠየቁ ነው። «ውሻዎ ይወድዎታል?» አይልም። እንግዳ በር ሲያንኳኳ፣ ምግቡ ሲወሰድበት፣ ጥፍሩ ሲቆረጥ፣ ብቻውን ሊቀር ሲል ምን እንደሚያደርግ ነው የሚጠይቀው። ቅጽል ብቻ ደርድረው «አፍቃሪ፣ ታማኝ፣ ደፋር» እያሉ ምልክት ከሚያስደርጉት መጠይቆች የሚለየው በዚህ ነው። «ታማኝ» የሚለው ቃል ሰው ስለ ሴትና ስለ ወንድ አስቀድሞ የያዘውን ግምት ተሸክሞ ይመጣል፤ «ከክፍል ክፍል ይከተልዎታል?» የሚለው ግን በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ስድስቱ የቁርኝት ጥያቄዎች

ለጉዳያችን ቁልፉ «ቁርኝትና ትኩረት ፈላጊነት» የሚባለው ክፍል ነው። ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ከቤተሰቡ አባላት ለአንዱ ለይቶ ጠንካራ ቁርኝት ያሳያል? ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል እየተከተለ ይሄዳል? ሰው ሲቀመጥ አጠገቡ ወይም ተደግፎት ይቀመጣል? ተቀምጠው ሳለ በአፍንጫው እየገፋ፣ ራሱን እያሻሸ ወይም በመዳፉ እየነካካ ትኩረት ይፈልጋል? ባለቤቱ ለሌላ ሰው ፍቅር ሲያሳይ ይረበሻል? ለሌላ ውሻ ወይም እንስሳ ሲያሳይስ? የክፍሉ ነጥብ የስድስቱ መልሶች አማካይ ነው።

አማካይ ስንት ነገር እንደሚደብቅ ለማየት ሁለት ውሾችን በምሳሌ እንውሰድ። አንደኛዋ ለአንድ ሰው ባላት ልዩ ቁርኝት 4፣ በመከተል 4፣ አጠገብ በመቀመጥ 3፣ በአፍንጫና በመዳፍ በመነካካት 1፣ በሁለቱ የቅናት ጥያቄዎች 0 እና 0 አገኘች። ድምሩ 12፣ አማካዩ 2። ሁለተኛው ለአንድ ሰው በልዩ መቆራኘት 1፣ በመከተል 2፣ በመቀመጥ 1፣ በመነካካት 4፣ በቅናቱ 2 እና 2 አገኘ። ይኸውም 12 ነው፤ አማካዩም 2። በሪፖርቱ ላይ ሁለቱ እኩል ቁርኝት ያላቸው ሆነው ይቀርባሉ። ከእነሱ ጋር የሚኖር ሰው ግን ምንም እንደማይመሳሰሉ ያውቃል። አንደኛዋ አንድ ሰው መርጣ በዝምታ ትከተላለች። ሌላው ማንም ይሁን ማን እጁ ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ መዳፉን ጭኑ ላይ ይጥላል። ሴትና ወንድ ውሾችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አማካዩን ትቶ ስድስቱን መልሶች ለየብቻ ማየት አለበት፤ ልዩነት ካለም የሚገኘው እዚያ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ማለትም ለሌላ እንስሳ ፍቅር ሲታይ መረበሽ፣ በተለይ ማሳሳቻ ነው። ሁለት ውሻ በሚኖርበት ቤት ይህ ምልክት ከባለቤቱ ጋር ካለው ቁርኝት ይልቅ ከሌላው ውሻ ጋር ካለው ፉክክር ሊመጣ ይችላል። ማጣሪያው እዚያው መጠይቁ ውስጥ አለ። በአንድ ቤት በሚኖሩ ውሾች መካከል ያለውን ቁጣ የሚመለከቱ 4 ጥያቄዎች አሉ፤ በእነሱም ላይ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ የቁርኝቱን ስድስተኛ ጥያቄ አውጥቶ በ5 ማካፈል ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር። ክፍሉ ስሙ እንደሚለው ቁርኝትንና ትኩረት ፈላጊነትን አንድ ላይ ነው የሚለካው። ተረጋግቶ የሚኖር፣ ባለቤቱ ሲወጣ ተኝቶ ጠብቆ ሲመለስ ተቀብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ውሻ እዚህ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ግንኙነቱ ግን ከማንም የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 3.5 ከ1.8 «የበለጠ ፍቅር» አይደለም። አንዳንዴ እንዲያውም የመረጋጋት ማነስ ነው።

ስለ ጾታ የሚታወቀው

የቁርኝት ጥናት ባለሙያዎች ከመጠይቅ ይልቅ የሚያምኑት ውሻውን በማያውቀው ክፍል ውስጥ ከባለቤቱ ለይቶ ማየትን ነው። ይህን ለሕፃናት ተዘጋጅቶ የነበረ ፈተና ለውሻ ያመቻቹት በቡዳፔስት ኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ዮዤፍ ቶፓልና ባልደረቦቹ ናቸው፤ 51 ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ፈትነው ውጤቱን በ1998 አሳተሙ። ውሾቹ እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ መለኪያዎች ልዩነቱን ጾታም፣ ዕድሜም፣ ዝርያም፣ የአኗኗር ሁኔታም አላብራሩትም። «ሴቷ ትጣበቃለች» ለሚለው አባባል ይህ ክፉ ዜና ነው።

ይሁንና ሴትና ወንድ አንድ ናቸው ማለትም አይደለም። በጃፓን አዛቡ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ2015 የታተመው ጥናት፣ ውሻና ባለቤት ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሁለቱም ኦክሲቶሲን፣ ከመቀራረብ ጋር የሚያያዘው ሆርሞን፣ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቀጥሎም ኦክሲቶሲን በውሾቹ አፍንጫ ሲረጭ ባለቤታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ማየት የጀመሩት ሴቶቹ ውሾች ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ላይ ያ ለውጥ አልታየም። ከኔፕልስ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳም ወደዚያው ያዘነብላል፤ ሴት ውሾች ከሰው ጋር ለመገናኘትና የሰውን ፊት ለማንበብ ዝንባሌያቸው ከፍ ይላል። እንግዲህ ልዩነቱ ባለበት ቦታ የሚታየው በግንኙነቱ መልክ ላይ ነው፤ በጥንካሬው ላይ አይደለም።

ሲ-ባርክ ደግሞ ስለ ዓይን ለዓይን መተያየት አይጠይቅም። «ለሚሉት ወይም ለሚያደርጉት ነገር ሁሉ በትኩረት ይከታተላል» የሚል አንድ ጥያቄ በታዛዥነቱ ክፍል ውስጥ አለ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ሴቶች ይበልጣሉ ተብሎ በጥናት የተነገረበት አንዱ ዋና ነገር ከመጠይቁ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። በጾታ ጉዳይ የመጠይቁ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ሴት ውሻ፦ መቼ እንደሚሞላ

መጠይቁ በየክፍሉ «በቅርብ ጊዜ» ያየነውን እንድንመልስ ይጠይቃል፤ ስንት ቀን ወይም ስንት ሳምንት እንደሆነ ግን አይወስንም። ለወንድ ውሻ ይህ ብዙ ችግር የለውም። ላልመከነች ሴት ውሻ ግን ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሊገለብጠው ይችላል።

ሴት ውሻ የምትደራው በአማካይ በ6 ወይም በ7 ወር አንዴ ነው፤ በ4 ወርም በዓመትም የሚሆንባቸው አሉ። ደም የሚታይበት የመጀመሪያው ምዕራፍ 9 ቀን ገደማ ነው፤ ወንድ የምትቀበልበት ሁለተኛውም እንዲሁ 9 ቀን ገደማ። በዚያን ሰሞን ሐሳቧ ውጭ ነው፤ ስትጠራ መዘግየት፣ መቁነጥነጥ፣ በየቦታው ጥቂት ጥቂት መሽናት ይታያል። ታዛዥነቱ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ሆርሞን በሰውነቷ ከፍ ብሎ ይቆያል። ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድ ወተት የሚያስመነጨው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ይነሣል፤ ይህ ነው የውሸት እርግዝና የሚያስከትለው። አብዛኛውን ጊዜ ድራቱ ካለፈ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ውስጥ ይታያል። ጡቷ ያብጣል፣ አንዳንዴም ወተት ይወጣዋል፤ ጨርቅ እየጎተተች ጎጆ ትሠራለች፣ መጫወቻ አቅፋ ታላዝናለች፣ የሚቀርባትን ታጉረመርማለች፤ ወይም ከባለቤቷ እግር ሥር አልነቃነቅ ትላለች።

በዚህ ሳምንት የተሞላ መጠይቅ የቁርኝት ነጥቧን ሰማይ ያደርሰዋል፤ ወይም ዕቃ በመከላከል ሰበብ በባለቤት ላይ የሚታይ ቁጣን 3 ያደርሰዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ፕሮላክቲን ነው። የሚሻለው ድራቱ ካበቃ 4 ወር ገደማ ሲሆን መሙላት ነው፤ አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ሆርሞናቸው ጸጥ ብሏል። ድራት የጀመረችበትን ቀን መመዝገብ ለዚህ ይጠቅማል፤ ደግሞም ለማምከን ቀጠሮ ሲያዝ የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በውሸት እርግዝና ላይ ሳለች ከተሠራላት የፕሮጄስትሮኑ ድንገተኛ መውረድ ፕሮላክቲኑን ስለሚያነሣው ምልክቶቹ ሊቆዩ ይችላሉና።

ወንድ ውሻ፦ ሽንት፣ መፈናጠጥና መጥፋት

በወንዱ ላይ የሚከሰተው ስሕተት የጊዜ ሳይሆን የትርጉም ነው። ብቻውን ሲቀር የበር መቃንና የሶፋ ጥግ ላይ የሚሸና ወንድ ውሻ «ናፍቆኝ ነው» ይባላል። ከመለየት የሚመጣ ጭንቀት በመጠይቁ በ8 ምልክቶች ይለካል፦ መንቀጥቀጥ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንቆራጠጥ፣ ማልቀስ፣ መጮኽ፣ ማላዘን፣ በርና መስኮት መቧጨር ወይም ማኘክ፣ ምግብ መተው። ሽንት ከእነዚህ ውስጥ የለም። በልዩ ልዩ ክፍል ውስጥ በሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ አንዱ «የቤት ዕቃ ላይ ይሸናል»፣ ሌላው «ብቻውን ሲቀር ይሸናል»። ረጅሙን ቅጂ የሚያስመርጠው ይህ ክፍል ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ የሽንቱን መጠንና ቦታ ማየት ይበቃል። እግሩን አንሥቶ በቋሚ ነገር ላይ ጥቂት ጠብታ የጣለ፣ ባለቤቱ እያለም የሚያደርገው፣ ምልክት እየጣለ ነው። ወለል ላይ ብዙ ሽንት፣ ከሰው መውጣት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ከለሃጭና ከተቧጨረ በር ጋር ከሆነ ጭንቀት ነው። ስልክ ወይም ካሜራ በክፍሉ ጥግ አቁሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት መቅረጽ ክርክሩን ይዘጋዋል። ሴቶችም ምልክት ይጥላሉ፤ በተለይ ድራት ሲቃረብ። መፈናጠጥም እንዲሁ የወንድ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታ ሲከርም ሴቶቹ ያደርጉታል። እነዚህን ሁሉ ከፍቅር ወይም ከንቀት ጋር ማያያዝ ከንቱ ነው።

ማኮላሸት ወንዱን «የቤት ልጅ» ያደርገዋል ወይ? በ1997 የታተመ የ57 ውሾች ጥናት ሽንት ምልክት መጣል፣ መፈናጠጥና ከቤት ጠፍቶ መዞር ቢያንስ በ60 በመቶዎቹ ላይ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ውሻው ሲኮላሽ የነበረው ዕድሜም ሆነ ልማዱ የቆየበት ጊዜ ውጤቱን ለመተንበይ አልረዳም። መጥፋቱን የተወ ውሻ እቤት ስለሚውል የተቆራኘ ይመስላል። የቀነሰው ግን የሴት ፍለጋው ነው። ለባለቤቱ ያለው ነገር አልተለወጠ ይሆናል። ይህን ለመለየት መጠይቁን ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት መሙላት፣ ከዚያ ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ መድገም ጥሩ ነው። የሽንቱና የመፈናጠጡ ቁጥር ወርዶ ስድስቱ የቁርኝት መልሶች ባሉበት ከቆሙ መልሱ ተገኘ።

የፍርሃት ክፍሉን አብሮ መመልከት ግድ ነው። በሲ-ባርክ የተሰበሰበ የ6,235 ወንድ ውሾች መረጃ በ2018 ሲተነተን፣ የተኮላሹ ውሾች ከሆርሞናቸው ጋር (ማለትም ሳይኮላሹ) የቆዩበት ዘመን ባጠረ ቁጥር 26 ዓይነት ጠባዮች፣ አብዛኞቹ ፍርሃትና ቁጣ፣ ይበልጥ ተዘግበዋል። በተቃራኒው ቤት ውስጥ ምልክት መጣልና ብቻ ሲቀር ማላዘን ብቻ ናቸው ከሆርሞን ጋር ረዘም ባለ ቆይታ የጨመሩት። ምክንያትና ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ችግር ያለበት ውሻ ቀድሞ ሊኮላሽ ይችላልና። ግን ለዓይን አፋር ወንድ ቡችላ ቀዶ ሕክምና ለማስቸኮል ከማሰብ በፊት የፍርሃት ነጥቡን መያዝ ይገባል።

ጎረምሳው ወር

ዕድሜም ጾታን መስሎ ይመጣል። በ2020 የታተመ፣ ማየት ለተሳናቸው መሪ ውሻ ለመሆን በሚያድጉ ቡችላዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በ8 ወራቸው ከ5 ወራቸው ይልቅ ለአሳዳጊያቸው «ተቀመጥ» ትእዛዝ መዘግየታቸውን አሳይቷል፤ ለማያውቁት ሰው ግን ያ መዘግየት አልታየም። ወንዱ በ8 ወሩ ሲያምፅ «ወንድ ስለሆነ ነው»፣ ሴቷ ስታምፅ «አመለኛ ናት» ይባላል፤ ሁለቱም ጎረመሱ እንጂ ሌላ አይደለም። እዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ትኩረት ፈላጊነትና ከመለየት የሚመጣ ጭንቀት ከፍ ያለባቸው ሴቶች የመጀመሪያ ድራታቸው ቀደም ብሎ መምጣቱ ነው። ሆርሞን ቁርኝትን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ቁርኝቱም ከሆርሞኑ ጊዜ ጋር ይያያዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ውሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሞልቶ ማቆም ዋጋ የለውም። በ6 ወርና በ12 ወር፣ ከዚያም በ2 ዓመት መሙላት ይሻላል። ከ6 ወር በታች ባለ ቡችላ ላይ ብዙዎቹ ጥያቄዎች ገና ያልደረሱ ነገሮች ስለሆኑ ባዶ ይቀራሉ። ቡችላ ለመምረጥ መጠይቁን እጠቀማለሁ ያለ ሰው ዕቃውን ላልተሠራበት ሥራ እየገዛ ነው። የሚጠቅመው ቡችላዋን ትቶ ለእናትየው መሙላት ነው፤ እሱንም አርቢው በቅንነት ከሞላው።

ማን ይሙላው?

መጠይቁ ውሻውን ሳይሆን የሰውየውን ዓይን ነው የሚያነበው፤ ይህ የማንኛውም መጠይቅ ድካም ነው። በአንድ ቤት ሁለት አዋቂዎች ካሉ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሙሉት። ከመቶው ጥያቄ በብዙዎቹ በ1 ነጥብ መለያየት ያለ ነው። በ2 ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩባቸው ጥያቄዎች ግን ወርቅ ናቸው፤ ወይ አንደኛው አላየም፣ ወይ ውሻው ለሁለቱ የተለያየ ጠባይ ያሳያል። የሰውየውም ጾታ እዚህ ይገባል፤ በጣልያን በተሠራና በ2006 በታተመ ምልከታ ወንዶችና ሴቶች ባለቤቶች ከውሻቸው ጋር በመጫወትና በመዳበስ አልተለያዩም፤ ሴቶቹ ግን ቶሎና ብዙ ያወሯቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረውን ሰው ውሻ ሲከተል «ወንድ ውሻ ሴት ይወዳል» የሚል ሕግ ማውጣት አያስፈልግም። ማን ያበላዋል፣ ማን ያንሸራሽረዋል፣ ማን ያወራዋል የሚለውን አስቀድሞ መጻፍ ብዙ ያብራራል።

መጠይቁ የተሠራው ቤት ውስጥ ለሚኖር ውሻ ነው። ግቢ ውስጥ ለሚያድር ውሻ «ከክፍል ክፍል ይከተላል?» ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ 0 አድርጎ መሙላት ከባድ ስሕተት ነው፤ 0 «በጭራሽ አያደርግም» ማለት ሲሆን ትክክለኛው መልስ «አይመለከተውም» ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ዜሮዎች የገቡበት የስድስት ጥያቄ አማካይ ግማሽ ያህሉ ሐሰት ነው።

የጎደለውን የሚሞላ ሌላ ፈተና

መጠይቁ የማይጠይቀውን፣ ውሻው ወደ ሰው ቀና ብሎ የማየቱን ነገር፣ ለመጨመር ቀላሉ መንገድ የተዘጋ ዕቃ ነው። ውስጡ የሚያሳይ ጠንካራ ክዳን ያለው ዕቃ ሰፊ ሳንቃ ላይ አስሮ ወይም አጣብቆ፣ ምግብ ከሥሩ አስቀምጦ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ልል ማድረግ፤ ውሻው ገፍቶ ይበላል። በአራተኛው ክዳኑን መቆለፍና ለ1 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቆም። ስንት ሰከንድ ቆይቶ ቀና ብሎ ሰው እንዳየ፣ ስንት ጊዜ እንደደገመ ከቪዲዮ ይቆጠራል። ሰውየው መናገርም፣ ዕቃውን ማየትም የለበትም። የሠለጠነ ውሻ የመጠበቅ ትእዛዝ ስለለመደ ቶሎ ሊያይ ይችላል፤ እጅግ የተራበው ደግሞ ጭራሽ ቀና አይልም። ከምግብ ሰዓቱ 2 ሰዓት ያህል በፊት መሞከር ይሻላል።

የቡዳፔስቱን ፈተና በቅርጹ መድገምም ይቻላል፤ ውሻው የማያውቀው ክፍልና የማያውቀው ሰው ከተገኘ። እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ የሆኑ 7 ምዕራፎች ናቸው፤ ውሻና ባለቤት፣ እንግዳው ይገባል፣ ባለቤቱ ይወጣል፣ ባለቤቱ ተመልሶ እንግዳው ይወጣል፣ ውሻው ብቻውን ይቀራል፣ እንግዳው ይመለሳል፣ በመጨረሻ ባለቤቱ። የሚታየው በር ላይ መቆሙ፣ ከማን ጋር መጫወቱ፣ ሲገናኙ ምን ያህል ቶሎ መረጋጋቱ ነው። ሳሎን ውስጥ የቤተሰብ ወዳጅን እንግዳ አድርጎ መሥራት ዋጋ የለውም። ሌላ ውሻ የሸናበት ወለል ከሆነም ያልተኮላሸ ወንድ አሥራ አራቱን ደቂቃ ሲያነፈንፍ ያሳልፈውና ለሰው ደንታ የሌለው ይመስላል። ውሻው ብቻውን ሲቀር በር መቧጨር ወይም አብዝቶ ማለክለክ ከጀመረ ፈተናው ወዲያው ይቁም።

የሰውየውን ስሜት ለመለካት ከሆነ የሞናሽ መጠይቅ የሚባለው 28 ጥያቄ ያለው አለ፤ ከውሻው ጋር የሚደረገውን፣ የሚሰማውን ቅርበትና ድካሙን ለየብቻ ይመዝናል። «ወንዱን ለምን ይበልጥ ወደድኩት?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚያ ነው፤ ሲ-ባርክ ላይ አይደለም።

ሲ-ባርክን ለጀማሪ አሳዳጊ፣ ውሻውን ሊያኮላሽ ወይም ሊያመክን ለሚያስብ፣ በመለየት ጭንቀት ለተቸገረና ለአሠልጣኝ ያለ ማመንታት እንመክረዋለን። ወንድና ሴት ቡችላ መካከል ለሚያመነታ ሰው ግን አይሆንም። የሚሞላው ሰው ሪፖርቱን ብቻ አያስቀምጥ፤ የስድስቱን የቁርኝት ጥያቄዎች መልስ ለየብቻ፣ ከጎናቸው ቀኑን፣ የውሻውን ዕድሜ በወር፣ ሴት ከሆነች የመጨረሻው ድራት የጀመረበትን ቀን፣ ወንድ ከሆነ የተኮላሸበትን ቀን፣ ከታችም የሞላውን ሰው ስም ይጻፍ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሰው ይሙላው፤ የቀድሞውን መልስ ሳያይ።